ቪላ፦ ቃሉ ከየት መጣ? ደሴና ኮምቦልቻ ላይስ ምን ማለት ነው? (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

ደሴ ላይ ቤት የሚፈልግ ሰው ከደላላ አፍ ቶሎ የሚሰማው ቃል «ቪላ» ነው። ቃሉ ረጅም መንገድ ተጉዞ የመጣ ስለሆነ ትርጉሙን ብዙ ሰው በየራሱ ይረዳዋል። ከቃሉ ታሪክ እስከ ሽያጭ ውል ድረስ የሚነሱትን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስበን መልሰናል።

ቪላ በአጭሩ ምን ዓይነት ቤት ነው?

በዛሬው አማርኛ ቪላ የሚባለው ከጎረቤት ጋር ግድግዳ ሳይጋራ ለብቻው የቆመ፣ የራሱ አጥርና ግቢ ያለው፣ አብዛኛውን ጊዜ ፎቅ የሌለው መኖሪያ ቤት ነው። ግንበኞች «ጂ ፕላስ ዜሮ» ይሉታል። ከነዚህ መካከል ሚዛን የሚደፋው ግቢው ነው። ኮንዶሚኒየም የቱንም ያህል ቢያምር ቪላ አይባልም። ሦስት ክፍል ብቻ ያለው ቤት ግን በር ከፍተው ሲገቡ የራሱ ግቢ ካለው ያለ ክርክር ቪላ ይባላል። ባለ አንድ ፎቁንም ቪላ የሚል ሰው አለ፤ የሚለውም በግቢው ምክንያት ነው። የቃሉን ታሪክ ሲያዩት ይህ አጠቃቀም ከመነሻው ብዙም እንዳልራቀ ይረዳሉ።

ቃሉ የማን ነው?

ጥንተ ቃሉ ላቲን ነው፤ ለአማርኛ ያቀበለው ግን ጣሊያንኛ ነው። የጥንት ሮማውያን በላቲን ፊደል «villa» ብለው ቢጽፉትም ሲያነቡት «ዊላ» ይሉ ነበር፤ «ቪ» የሚለው ድምፅ ኋላ የመጣ ነው። ትርጉሙም ከከተማ ውጭ፣ እርሻ መካከል የተሠራ ቤት ማለት ነው። ሮማውያን በዚህ አይቀልዱም ነበር። ከተማ ውስጥ ያለው የባለጸጋ ቤት «ዶሙስ»፣ ብዙ ተከራይ የሚታጨቅበት ፎቅ «ኢንሱላ»፣ የገጠሩ ደግሞ «ቪላ» ነው። በነሱ አነጋገር መሐል ፒያሳ ላይ ቪላ ሊኖር አይችልም።

ሥሩን ወደ ኋላ ሲከተሉት «ቪኩስ» ከሚለው ሌላ የላቲን ቃል ጋር ይገናኛል፤ እሱም መንደር ወይም ሰፈር ማለት ነው። የግሪኩ «ኦይኮስ»፣ ማለትም ቤት፣ የዚሁ ዘር ነው። እኛ በየቀኑ «ኢኮኖሚ» የምንለው ከዚህ ከኦይኮስ የወጣ ሲሆን መጀመሪያ ትርጉሙ የቤት አስተዳደር ነበር። ስለዚህ ቪላና ኢኮኖሚ የሩቅ ዘመዳሞች ናቸው።

የሮማውያኑ ቪላ እንደ ዛሬው የመኖሪያ ቤት ብቻ ነበር?

አልነበረም። በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው የግብርና ጸሐፊ ኮሉሜላ ቪላን በሦስት ይከፍለዋል። የመጀመሪያው «ኡርባና» ጌታው ከከተማ ሲመጣ የሚያርፍበት ነው። ሁለተኛው «ሩስቲካ» የአሽከሮቹ፣ የተቆጣጣሪውና የከብቶቹ ቤት ነው። ሦስተኛው «ፍሩክቱዋሪያ» ይባላል፤ ወይን የሚጠመቅበት፣ የወይራ ዘይት የሚጨመቅበት፣ እህልና ድርቆሽ የሚከማችበት ክፍል ነው።

ይህን ሦስተኛውን ክፍል በቅርበት ማየት ለሚፈልግ ቦስኮሬያሌ ላይ የተገኘችው ትንሽ ቪላ ጥሩ ማሳያ ናት። ቦታው ከፖምፔይ አቅራቢያ ነው። በ79 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ቬሱቪዮስ ተራራ ሲፈነዳ በአመድ ተቀብራ ቀረች። ግቢዋ ውስጥ 18 ትላልቅ የሸክላ ዕቃዎች እስከ አንገታቸው መሬት ውስጥ ተቀብረው ተገኝተዋል። የኛን የጠላ ጋን ያስታውሳሉ፣ ግን እጅግ ይበልጣሉ። የተቀበሩት አፈሩ ወይኑን ቀዝቃዛ አድርጎ እንዲያቆይላቸው ነው። የጌታው ማረፊያ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም።

«ፍሩክቱዋሪያ» ፍሬ ከሚለው የላቲን ቃል የወጣ ነው። እኛ እንግዳ ስናስገባ «ቤት ያፈራውን እንብላ» የምንለው አባባል ለዚህ ክፍል ከማንኛውም ትርጉም የተሻለ ይስማማዋል። ቪላ በመነሻው የሚያፈራ ቤት ነበር።

ታዲያ የገጠር ቤት ስም እንዴት የከተማ ቤት ስም ሆነ?

በሁለት አቅጣጫ ሄደ። የሮማ መንግሥት ከፈረሰ በኋላ በየቪላው ዙሪያ ገበሬ ይሰፍር ጀመር፤ የቤቱ ስም የመንደሩ ስም ሆነ። ፈረንሳይኛ ዛሬ ከተማን «ቪል» የሚለው፣ ስፓኒሽም አነስተኛ ከተማን «ቪያ» የሚለው ከዚሁ ቃል ነው። የቪላው ገበሬ «ቪላኑስ» ተባለ። ይህ ስም በከተሜና በመኳንንት አፍ እየተናቀ ሄዶ እንግሊዝኛ ላይ ሲደርስ ክፉ ሰው ማለት ሆነ። በኛም «ባላገር» የሚለውን ያስቡ፦ አገር ያለው፣ የአገር ባለቤት የሚል ክቡር ቃል ነው፤ በከተማ ሰው አፍ ግን ስድብ ሆኖ የሚያገለግልበት ጊዜ አለ። ሁለቱም ቃላት የተበደሉት በአንድ መንገድ ነው።

ሁለተኛው አቅጣጫ የባለጸጎቹ ነው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በቬኔቶ ምድር የነበረው አርክቴክት አንድሪያ ፓላዲዮ ለቬኒስና ለቪቼንዛ ባለጸጎች ብዙ ቪላ ሠራ። አብዛኞቹ አሁንም እርሻ ላይ ያሉ፣ ግራና ቀኝ ጎተራና ጋጣ የተቀጠለላቸው ነበሩ። ከዚያ በኋላ በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ከተሞች እየሰፉ ሲሄዱ ከከተማ ዳር ትንሽ አትክልት ቦታ ያለው ቤት ሁሉ ቪላ መባል ጀመረ። እርሻው ጠፍቶ ግቢው ብቻ ተረፈ። ወደ እኛ የመጣው ይህ የመጨረሻው ትርጉም ነው።

ወደ አማርኛ የገባው በጣሊያን ጊዜ ነው?

ጣሊያኖች ደሴን የያዙት በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ሲሆን የወጡት በሚያዝያ 1933 ዓ.ም. ነው። አምስት ዓመት ለአንድ ከተማ አጭር ጊዜ ይመስላል። የግንባታ ቋንቋችንን ግን ያለ ልክ ነካው። ዛሬ ኮምቦልቻ ላይ አንድ ግንብ ሥራ አጠገብ ለአሥር ደቂቃ ቢቆሙ የሚሰሙትን እንቁጠር፦ ሲሚንቶ፣ ፌሮ (ብረት)፣ ብሎኬት፣ ላሜራ፣ ጣውላ፣ ሞራሌ፣ ጄሶ፣ ቱቦ፣ ኮርኒስ። መሬቱን ልሙጥ አድርገው ሲጨርሱት «ሊሾ» የሚሉት በጣሊያንኛ ለስላሳ ማለት ነው። መታጠቢያው ባኞ ነው። ፒያሳም የነሱ ነው፤ አደባባይ ማለት ነው። ቪላ ከነዚህ ጋር አብሮ የኖረ ቃል ነው።

ኮርኒስ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። በጣሊያንኛ ግድግዳና ጣሪያ የሚገናኙበት የጌጥ ጠርዝ ወይም ክፈፍ ነው። እኛ ግን የክፍሉን የውስጥ ጣሪያ በሙሉ ኮርኒስ አልነው። ቪላም እንደዚሁ ሲገባ ትርጉሙን ይዞ አልቆመም። ጣሊያኖች ባለ ሁለትና ሦስት ደርቡንም ቪላ ይላሉ፤ እኛ ግን «ፎቅ» የሚል ከዐረብኛ ያገኘነው ቃል ስላለን ባለ ደርቡን ለፎቅ ሰጥተን መሬት ላይ ያረፈውን ለቪላ ተውንለት።

«ቪላ ቤት» ማለት ስህተት ነው?

አይደለም። «ቪላ ራሱ ቤት ማለት ስለሆነ መደጋገም ነው» የሚሉ አሉ። አማርኛ ግን ዓይነቱን አስቀድሞ «ቤት»ን ማስከተል ልማዱ ነው፦ ሳር ቤት፣ ቆርቆሮ ቤት፣ ግንብ ቤት፣ ቪላ ቤት። ብዙ ሲሆን «ቪላዎች» ነው።

አጻጻፉን በተመለከተ በ«ቪ» ይጻፍ። ግዕዝ ይህ ድምፅ ስላልነበረው «ቨ» የተፈጠረው በ«በ» ላይ ምልክት በመጨመር ነው። «ቢላ» ብለው ከጻፉ ማስታወቂያዎ ስለ ሽንኩርት መክተፊያ ሊመስል ይችላል።

ለገጠር ቤት የራሳችን ቃል የለንም?

ሞልቶናል። የመጀመሪያው ጎጆ ነው። ጎጆ ቤቱን ብቻ አይናገርም፤ «ልጁ ጎጆ ወጣ» ስንል አግብቶ ራሱን ቻለ ማለታችን ነው፤ «የወፍ ጎጆ»ም እንላለን። ግሡም የራሱ ነው፦ ጎጆ ይቀለሳል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ግንብ ይገነባል። ቪላ ይሠራል እንጂ አይቀለስም። በአንድ ግሥ የቤቱን አሠራር ለይቶ የሚነግር ቋንቋ ያለው ሰው ይህን ሊጠብቀው ይገባል።

የጎጆው ክፍሎች ስምም አብሮ ይያዝ። መሐል ላይ ቆሞ ጣሪያውን የሚሸከመው ምሰሶ ነው። የቆሙትን እንጨቶች አግድም እየዞረ የሚያስራቸው ማገር ነው። ግድግዳውን ጭቃ መምረግ ምርጊት ይባላል። ከውስጥ ደግሞ መደብ፣ ምድጃና ጓዳ አሉ። ከውጭ ጎተራው አለ። ጎተራውንና የከብቱን ቤት ሲጨምሩበት የወሎ ገበሬ ግቢ የኮሉሜላን ሦስት ክፍሎች ያሟላል። ለዋናው የሮማ ትርጉም የቀረበው እንግዲህ ገራዶ መንገድ ላይ ያለው የብሎኬት ቤት ሳይሆን ይህ ግቢ ነው።

የመኳንንቱ ቤት ቃላት ሌሎች ናቸው። እልፍኝ የጌታው የግል ክፍል ነው፤ ማዕረጉ «እልፍኝ አስከልካይ» የመጣው ከዚያ ነው። አዳራሽ ግብር የሚበላበት ሰፊ ቤት ነው። ደሴ ለዚህ ከማንም የተሻለ ምስክር አላት፦ በ1906 ዓ.ም. የወሎና የትግራይ ንጉሥ ተብለው የነገሡት ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አይጠየፍ አዳራሽ። ስሙ ራሱ ሕግ ነው። ሀብታም ከድኻ፣ ሹም ከተራ ሰው ሳይለይ፣ ማንም ማንንም ሳይጠየፍ የሚበላበት ማለት ነው። ቤትን በሚሠራው ሥራ መሰየም እንዲህ ያለ ነው፤ ደሴ ያደገ ልጅ ሁሉ ትርጉሙን ማወቅ አለበት።

ከመንገድ ሲያዩት ቪላ፣ ከጓሮ ሲያዩት ፎቅ የሆነው ምን ይባላል?

ይህ የደሴ ጥያቄ ነው። ከጦሳ ተራራ ሥር በተዳፋት ላይ የተሠራ ቤት ፊቱ ባለ አንድ ደርብ፣ ጀርባው ባለ ሁለት ይሆናል። በሰው አነጋገር ቪላ ነው። በወረቀት ላይ ግን የታችኛው ክፍል ምድር ቤት ተብሎ ለብቻው መጠቀስ አለበት። ሲገዙ የግንባታ ፈቃዱ ላይ ምድር ቤቱ መኖሩን ይዩ። ሳይፈቀድ ኋላ የተቆፈረ ከሆነ ችግሩ ከወረቀት ያልፋል፤ መሠረቱ ሥር ያለውን አፈር አውጥተውታል ማለት ነው።

ዋናው ማየት ያለብዎት ደጋፊ ግንቡን ነው። ከግንቡ ኋላ ያለው አፈር ክረምት ላይ ውኃ ጠጥቶ ይከብዳል፤ ውኃው መውጫ ካጣ ግንቡን ይገፋዋል። ስለዚህ በየ1.5 እስከ 2 ሜትር ወደ ውጭ ዘንበል ያለ ቱቦ ሊኖር ይገባል፤ ከኋላውም ጠጠር መሞላት አለበት። የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በሁለት ነገር ነው። አንዱ ቱቦው ተቀብሮ ጠጠሩ ሲቀር ነው፤ በአንድ ክረምት ጭቃ ይደፍነዋል። ሌላው ለማሳመር ሲለስኑት አፉን አብረው ሲደፍኑት ነው። ግንቡ መሐሉ ላይ ሆድ አውጥቶ ካዩ፣ ወይም አግድም የተሰነጠቀ ከሆነ፣ በዋጋ ከመደራደርዎ በፊት መሐንዲስ ያሳዩ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የታየ ቤት ከታኅሣሥ ይልቅ እውነቱን ይናገራል።

ኮምቦልቻ ሜዳ ላይስ?

ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ፣ ከፍታውም በ600 ሜትር ገደማ ቀንሶ፣ ተዳፋቱ ይቀልና ሌላ ነገር ይመጣል። ሜዳው ላይ ጥቁር አፈር ካጋጠመዎ ይጠንቀቁ። ይህ አፈር ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ተሰንጥቆ ይኮማተራል። ቪላ ደግሞ ቀላል ቤት ስለሆነ አፈሩ ሲያብጥ ተጭኖ የሚይዝበት ክብደት የለውም፤ ለዚህ ነው ጎን ለጎን ካሉ ቤቶች ፎቁ ደህና ሆኖ ቪላው የሚሰነጠቀው። ምልክቱ ከመስኮትና ከበር ማዕዘን ተነስቶ በሰያፍ የሚወጣ ስንጥቅ ነው፤ በጋ ሰፍቶ ክረምት ይጠባል።

መድኃኒቱ ከመሠረት በፊት ጥቁሩን አፈር ቆፍሮ አውጥቶ በተመረጠ አፈር መተካትና በየንብርብሩ መጠቅጠቅ ነው። ቤቱ ከተሠራ በኋላ የሚቻለው ውኃውን ማራቅ ነው። ሒሳቡን ይመልከቱ፦ በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 1 ሊትር ውኃ ነው። 100 ካሬ ጣሪያ ላይ በአንድ ከሰዓት 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 3,000 ሊትር፣ ማለትም አሥራ አምስት ባለ 200 ሊትር በርሜል ይሆናል። አሸንዳ ከሌለ ይህ ሁሉ የሚፈሰው መሠረቱ ሥር ነው። አሸንዳ ያስገጥሙ፤ የቤቱን ዙሪያ ወደ አንድ ሜትር ስፋት ወደ ውጭ ያዘነበለ ሊሾ ያድርጉ፤ ዛፍም ግድግዳ ሥር አይትከሉ።

ጭቃ ቤትም ቪላ ይባላል?

በማስታወቂያ አዎ። የራሱ ግቢ ካለው ቃሉ አይከለክልም፤ ጭቃ ቤት መሆኑም በራሱ ነውር አይደለም። በደንብ የተሠራና ሥሩ የደረቀ ጭቃ ቤት ለደሴ ብርድ ጥሩ ነው። ነውሩ በሲሚንቶ ተለስኖ እንደ ብሎኬት ሲሸጥ ነው።

ለመለየት ግድግዳ ማንኳኳት አያስተማምንም። ኮርኒሱ ላይ ያለውን መውጫ ከፍተው በእጅ ባትሪ ከላይ ይመልከቱ። ከኮርኒስ በላይ ያለውን ግድግዳ ማንም አይለስነውም፤ እንጨትና ጭድ ያለበት ጭቃ ከሆነ ወይም ብሎኬት ከሆነ ፊት ለፊት ያዩታል። ቀጥለው ወደ ታች ይምጡና የግድግዳውን ሥር ዙሪያውን ይዩ፦ እርሳስ የሚያህል ቀጭን የአፈር መስመር ከመሬት ወደ ላይ ከወጣ ምስጥ ነው፤ ቋሚ እንጨቱን ከውስጥ እየበላው ነው። የሲሚንቶ ልስን በጭቃ ላይ የሚላቀቀው ሁለቱ ሲረጥቡና ሲደርቁ እኩል ስለማይንቀሳቀሱ ነው። በድጋሚ በሲሚንቶ መለሰን ያው ድካም ነው፤ የላላውን አንስቶ በጭቃና በጭድ መርጎ በኖራ መቀባት ይሻላል።

«200 ካሬ ቪላ» ሲባል ቤቱ ነው ወይስ ቦታው?

ብዙ ጊዜ ቦታው ነው። 10 በ20 ሜትር የሆነ ቦታ 200 ካሬ ነው። ዋናው ቤት 9 በ10 ቢሆን 90 ካሬ፣ ሰርቪሱ (ከጀርባ ያሉት ክፍሎች) 3 በ8 ቢሆን 24 ካሬ ይይዛሉ፤ ለግቢ የሚተርፈው 86 ካሬ ነው። ሻጩን ሁለቱን ቁጥር ለየብቻ ይጠይቁ፤ ከዚያ በሜትር ይለኩ። አጥሩን ከካርታው ልኬት ጋር ያመሳክሩ፤ አጥር ካርታ አልፎ ሲገኝ የተረፈው መሬት የርስዎ አይሆንም።

ሰርቪስ ምንድን ነው?

ከዋናው ቤት ጀርባ በረድፍ የሚሠሩት ክፍሎች ናቸው፦ ማድ ቤት፣ የሠራተኛ ክፍል፣ ዕቃ ቤት። የሩስቲካው ልጅ ነው ማለት ይቻላል። እንጀራ የሚጋገርበት ጭስ ሳሎን እንዳይገባ ስለሚያደርግ ቪላ ያለ ሰርቪስ ጎደሎ ነው።

ባንጋሎ፣ ሻሌና ዳቻ የሚባሉትስ?

ሦስቱም የሌላ አገር የገጠር ወይም የማረፊያ ቤት ስሞች ናቸው። ባንጋሎ ከሕንድ የመጣ ሲሆን የቤንጋል ዓይነት ቤት ማለት ነው። ሻሌ የስዊስ ተራራ እረኞች የእንጨት ጎጆ ነበር። ዳቻ የሩሲያ ነው፤ መስጠት ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን ከዛር የተሰጠ መሬት ማለት ነበር።

የሽያጭ ውል ላይ «አንድ ቪላ ቤት» ብሎ መጻፍ ይበቃል?

አይበቃም። ቪላ የሕግ ቃል አይደለም። በኢትዮጵያ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ የሚሸጠው በላዩ ያለው ቤት ነው፤ ቤቱ ደግሞ በዝርዝር መገለጽ አለበት። የካርታውን ቁጥር፣ የቦታውን ስፋት፣ ይዞታው ነባር ወይም ሊዝ መሆኑን፣ የዋናውን ቤት ክፍሎች ብዛት፣ ግድግዳው ከምን እንደተሠራ፣ ሰርቪሱንና ምድር ቤቱን፣ የመብራትና የውኃ ቆጣሪውን ቁጥር ያስጽፉ። ሊዝ ከሆነ ያልተከፈለው ቀሪ ገንዘብ ስንት እንደሆነና ማን እንደሚከፍለው ይጻፍ። የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 መሠረት በጽሑፍ ሆኖ ሥልጣን ባለው አካል ፊት መመዝገብ አለበት፤ ቤት ውስጥ በሽማግሌ ፊት የተፈረመ ወረቀት ብቻውን አያስተማምንም። ከመፈረምዎ በፊት ካርታው በዕዳ አለመያዙንና አለመታገዱን መዝገቡ ካለበት ቢሮ ሄደው በራስዎ ይጠይቁ፤ ሻጩ ያመጣልዎትን ወረቀት ብቻ አይመኑ።